የወንድሜ ቀይ ፍሬን

ወንድሜ መኪናውን ሱቄ በር ላይ አቁሞ ጥሩምባውን ሲለቀው ተራው በሙሉ ቀና አለ። እኔ ቀና አላልኩም። ያንን ጥሩምባ አውቀዋለሁ። እንደ መርከብ ነው የሚጮኸው። መኪናው ግን ቁራሌው ካየው «ይሸጣል?» ብሎ የሚጠይቅበት አሮጌ የመስክ መኪና ነው።

«ነይ ውጪ እንጂ! ፍሬኑን አሻሻልኩት!» አለኝ በመስኮት።

እውነት ለመናገር ልቤ ደንገጥ አለ። እኔ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ፤ ከሁሉም ይልቅ የምሸጠው የፍሬን እቃ ነው። ለዚህ ሰውዬ ስለ ፍሬን ስለፈልፍ ዓመታት አልፈዋል። ጎማውን የሰፈር ልጅ ካልደገፈሽ የማትወጪበት እስኪሆን አስተልቆታል፣ ቸርኬውን በሚያብረቀርቅ ትልልቅ ቸርኬ ቀይሮታል፣ ጣራው ላይ ሠርግ ቤት የሚያህል መብራት ደርድሮበታል። ፍሬኑን ግን ከገዛው ጊዜ ጀምሮ ዞር ብሎ አላየውም። ታዲያ ዘንድሮ ሰው ሊሆን ነው ብዬ ወጣሁ።

የት ሊሆን! ሱሪው እንዳይቆሽሽ በሁለት ጣቱ ከፍ አድርጎ ጎንበስ አለና በቸርኬው ክፍተት ውስጥ የሚያብለጨልጭ ቀይ ነገር አሳየኝ። «የስፖርት መኪና ፍሬን!» አለ፤ ለኔ ሳይሆን ለተሰበሰበው ሰው። በቁልፌ ጫፍ መታ መታ አደረግኩት። የፕላስቲክ ጆግ ስትመቱ የምትሰሙት ድምፅ ነው የወጣው።

«ወንድም ጋሼ፣ ይሄ ክዳን ነው» አልኩት።

«የምን ክዳን?»

«ፕላስቲክ ክዳን! የድሮው ፍሬንህ ላይ የለጠፍክበት ክዳን። ውስጡ ያው ያ ያለቀለት ፍሬን ነው። በዚያ ላይ ሙቀቱን ያፍነዋል።»

ሳቀ። አሳሳቁን ብታዩት! አገጩን ወደ ላይ ሰቅሎ፣ ዓይኑን ወደ ሕዝቡ እያዞረ። «ቀናች! ፍሬን የምትሸጠው እሷ ብቻ መስሏት ነበር» አለ። አጠገቤ ያሉት ነጋዴዎች አብረው ሳቁ። የፍሬን ሸራ ከጎማ ጫማ መለየት የሚችሉ ሰዎች መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ግን የሚስቅ ሀብታም ሲያዩ አለመሳቅ አይችሉም። ቱ!

ወንድሜ ዱባይ ተራ ጫማና ሻንጣ ያከፋፍላል። ከጫማው ጋር አንድ ካርቶን ቀይ ክዳን ተጭኖ መጥቶለት ኖሯል፤ ካርቶኑ ላይ የስፖርት መኪና ስዕል ስላለበት ስዕሉን አመነው። የወንድሜ እውቀት ከካርቶን አያልፍም። ሳጥኑ ያማረ እቃ ለሱ ያማረ እቃ ነው፤ እንዲህ ሆኖ ስንት ዓመት ነግዶ አተረፈ፤ አገሩም እንደሱ ነው መሰለኝ።

ከኔ ሱቅ እንዳይገዛ ደግሞ ታናሽ እህቱ ነኝ። ታናሽ እህት ጥርስህን ሲያምህ ሾርባ ታመጣለች እንጂ ፍሬንህ አልቋል አትልም። አንድ ጊዜ ደህና የፍሬን ሸራ በነጻ ልኬለት በሾፌር መልሶ ላከልኝ፤ «ለደንበኞችሽ ሽጪው» ብሎ።

እንግዲህ መናደዱን ትቼ ሥራዬን እሠራ ነበር፤ መስቀል ባይደርስ። እኛ ጉራጌዎች መስቀል ሲመጣ ሱቁን ቆልፈን፣ ልጅ አዋቂውን ጭነን አገር ቤት እንገባለን። በዚያን ሰሞን መርካቶ ውስጥ ግማሹ ሱቅ ዝግ ነው። አገር ቤት ደግሞ ሰው በየደጁ ቆሞ የሚያየው አንድ ነገር ነው፦ እናትየዋን ማን አመጣት? በምን መኪና? የት አስቀመጣት? የእኛ እናት ሁልጊዜ በበኩር ልጇ መኪና፣ ከፊት ወንበር፣ ነጠላዋን አጣፍታ ነው የምትገባው። ከኋላ ሚስቱና ልጆቹ አሉ፣ ከነሱ ኋላ ስኳሩና ዘይቱ፣ ጣራው ላይ ፍራሹ።

አገራችን ከመግባታችን በፊት አንዲት ቁልቁለት አለች። ረጅም ናት፣ ጠምዛዛ ናት፣ ታች ስትደርሱ ድልድይዋ ሁለት መኪና አታሳልፍም። እዚያ ቦታ ላይ የተገለበጠ መኪና ያላየሁበት መስቀል አላስታውስም። ያቺን ቁልቁለት ነው እንግዲህ እናቴን ይዞ በፕላስቲክ ሊወርዳት የተነሳው።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። አማኑኤል ባለው በድሮው ቤታችን አብረን ነው የምንኖረው። ሶፋው ላይ ተቀምጣ ቀኝ ጉልበቷን በቅባት እያሸች ነበር። ከወንድሜ መኪና በወረደች ቁጥር ያንን ጉልበት ታሻለች፤ ሁሌ «ከፍታው ነው፣ ያንን ግንብ መውጣትና መውረድ ነው» እያልኩ የጎማውን ትልቀት እረግም ነበር።

«እማዬ፣ ዘንድሮ በኔ መኪና ነው የምትሄጂው» አልኳት።

«በሱ ነው የምሄደው።»

«ፍሬን የለውም እኮ ነው የምልሽ!»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰምተሽ ነው?»

«ሰምቼ ነው። ቅባቱን ክደኚልኝ።»

ጥርቅም አድርጌ ከደንኩላት። የኔ መኪና ትንሽ ናት፣ ጣራዋ ላይ መብራት የላትም፣ ግን ቁሚ ስትባል ትቆማለች። ለእናቴ ይሄ ምኗም አይደለም። በኩሩ ይዟት ሲገባ አገር እንዲያይላት ነው የምትፈልገው ብዬ ደመደምኩ። ለመታየት ሲባል ገደል! እሱንም ንቄዋለሁ፣ በዚያች ማታ እሷንም ትንሽ ናቅኳት፤ እናት ናት ብዬ አልደብቀውም። «ታዲያ ሂጂ!» ብዬ የመኝታ ቤቴን በር ወርውሬ ገባሁ።

በሳምንቱ ወንድሜ ለበዓል ገበያ እቃ ሊያመጣ ዱባይ በረረ። መኪናውን እኛ ግቢ አቆመው፤ «አደራ፣ ማንም እንዳይነካው» ብሎ ዓይኑን ወደኔ እያደረገ ቁልፉን ለእናቴ ሰጣት። እናቴ ቁልፉን ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተችው። በማግስቱ ጠዋት ቅዳሴ ልትሄድ ስትወጣ ግን ቁልፉ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ነበር። ረስታው ነው ብዬ አሰብኩ፤ እናቴ ደግሞ ነገር የምትረሳ ሴት አይደለችም፤ በዚያን ሰዓት ይሄ አልመጣልኝም።

አነሳሁት። ምን አባቱ! ይሄን ጉድ ራሴ ነድቼ ልየው አልኩ። ከግቢ ስወጣ ደህና ነበር። ወደ እህል በረንዳ የሚወስደውን መንገድ ይዤ ቁልቁል ስጀምር ፍሬኑን ያዝ አደረግኩት፣ ያዘልኝ። ደግሜ ያዝኩት፣ ወፍራም አቧራና የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ስረግጠው ፔዳሉ ጭቃ ውስጥ እንደገባ እግር ሰመጠ።

ፊት ለፊቴ ጤፍ የተሸከመ ሰውዬ እየተሻገረ ነው። ጥሩምባውን ለቀቅኩት፤ የመርከቡን ጩኸት ሲሰማ ይሸሻል ያልኩት ሰው ደንግጦ መሐል መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ማርሹን ወደ ታች ቀነስኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ባለ በሌለ ጉልበቴ ሳብኩ፣ መሪውን ጠመዘዝኩና ተከምሮ የነበረ የስንዴ ጆንያ ውስጥ ገባሁ። ጆንያው ተቀደደ፣ ስንዴው ኮፈኑ ላይ ፈሰሰ፣ መኪናው ቆመ። ተሸካሚው ጤፉን እንደተሸከመ ወደኔ ዞሮ የሰደበኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም፤ እያንዳንዱ ቃል ግን ይገባኝ ነበር። ወርጄ ስንዴውን ከኮፈኑ ላይ ጠረግኩ። ያ ሁሉ የሆነው ባዶ መኪና ይዤ፣ በአንዲት የሰፈር ቁልቁለት ላይ ነው።

ከዚያ በማርሽና በእጅ ፍሬን እያዘገምኩ ከአማኑኤል በታች ያለ ጋራዥ አስገባሁት። የጋራዡ መካኒክ ሽማግሌ ነው፤ ሲያወራ የማያቋርጥ፣ በጣልያን ጊዜ ከነበሩት መካኒኮች ያልተናነሰ ነኝ የሚል ጉረኛ፤ እጁ ግን አይከፋም። ጎማውን ሲያወልቀው እሱም ወሬውን አቋርጦ ጎንበስ ብሎ አየ። ቀዩ ክዳን በሲሊኮን ማጣበቂያ ነበር የተለጠፈው። በሙቀት ቀልጦ፣ ዲስኩን እንደ መዳፍ የሚጨብጠው ብረት ላይ እንደ ማስቲካ ተጣብቋል። የፍሬን ሸራው አልቆ ብረት በብረት እየተፋጨ ዲስኩን እንደ ማረሻ አርሶታል። ዘይቱ ቡና መስሏል።

«ይሄን መኪና ጠላት ነው የነዳው?» አለኝ።

«ወንድሜ ነው፣ ጋሼ።»

«እግዜር ይሁንሽ» አለና ወሬውን ቀጠለ።

ወንድሜ ሳያውቅ የሠራው አንድ ደግ ነገር ነበር፤ እሱን አልክድም። ያ የጉራ ቸርኬው ትልቅ ስለሆነ ውስጡ ቦታ አለው። የዚያው መኪና አዲሱ ሞዴል ትልቅ ዲስክና ትልቅ መጨበጫ ነው ያለው፤ በድሮው ቸርኬ ቢሆን አይገባም ነበር፣ በዚህኛው ግን ይገባል። ሱቄ ሄጄ ለራሴ ደንበኛ እንኳ ሳልሰጥ ያስቀመጥኩትን አወጣሁ፦ የፊቱን ዲስክ፣ መጨበጫውን፣ ሸራውን፣ ቱቦዎቹን ሁሉ፣ ያልተከፈተ ዘይት። የኋላውንም አስፈታሁ፣ ሸራውን ለወጥን። ከዚያ ሽማግሌው ከቱቦዎቹ አየሩን ለማስወጣት መኪናው ውስጥ አስቀምጦኝ ፔዳል አስረገጠኝ። «እርገጪ! ያዢ! ያዢ አልኩሽ! ልቀቂ!» እያለ ከታች ሲጮህብኝ እግሬ ዝሎ አለቀ። መጨረሻ ላይ ፔዳሉ ጠንከር ብሎ እንደ ደህና ሰው እጅ ሲጨብጠኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን መኪና አልጠላሁትም።

ቤት ስገባ እናቴ ልብሴን አየች፣ ግራሶውን አየች፣ ምንም አልጠየቀችኝም። «ሲመጣ እነግረዋለሁ፤ ፊቱ ላይ ነው የምነግረው!» አልኳት።

«አትነግሪውም» አለች።

«ለምን ብዬ?»

«አንቺ ያስገባሽው መሆኑን ከሰማ በማግስቱ ያስፈታዋል። አታውቂውም?»

አውቀዋለሁ። ለክብሩ ሲል ደህናውን አስወልቆ ፕላስቲኩን ይመልሳል፤ ያደርገዋል፣ እንኳን ይሄን! ስለዚህ ተመልሼ ጋራዥ ሄድኩና መካኒኩን አዲሱን ብረት ቀይ ቀለም ቀባው አልኩት፤ ያንኑ ደም የመሰለውን ቀይ። ሽማግሌው ቀለሙን እየቀባ እስኪያነባ ሳቀ። እውነተኛውን ፍሬን ውሸተኛ አስመስዬ ደበቅኩት። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፤ የሚለይ ሰው ቢሆን እፈራ ነበር፣ ወንድሜ ስለሆነ ግን አልፈራሁም።

ደግሞም አልለየውም። ከዱባይ ተመልሶ አንድ ቀን ነዳና ሱቄ መጣ። «አየሽ? ረገጥ ሳደርገው ቀጥ! ሚስቴ ግንባሯ መስታወቱን ሊመታ! አንቺ ደግሞ ክዳን ነው ትያለሽ» አለኝ። ጥርሴን ነክሼ የሸራ ካርቶን መደርደር ያዝኩ። ጥርሴ ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ ሂሳቡ በሱ ነበር።

የጉዞው ቀን ጠዋት ግን አልቻልኩም። ሰፈሩ በሙሉ እቃ እየጫነ ነው፤ ወንድሜ መኪናውን በራችን ላይ አቁሞ፣ ልጆቹ ከኋላ ተደራርበው ብስኩት ይበላሉ፣ እናቴ ከፊት ተቀምጣ ነጠላዋን አጣፍታለች። እሱ ጎረቤት ሰብስቦ ስለ ቀዩ ፍሬን እየሰበከ ነው። «ከበዓል ስመለስ ላንተም አስገጥምልሃለሁ፣ ካርቶን ሙሉ አለኝ» ሲል ሰማሁት። ሚኒባስ ለሚነዳው ጎረቤታችን ነው እንዲህ የሚለው። ሰው ለሚጭን ሰው!

ደሜ ፈላ። ሄጄ ጎማው አጠገብ ቆምኩና «አንኳኳው!» አልኩት።

«ምን?»

«ቁልፍህን አውጣና ያንን ቀይ አንኳኳው። አንኳኳው ስልህ!»

ሰው ስላለ እምቢ ማለት አፈረ። ሳቅ እያለ ጎንበስ ብሎ መታው። ብረት ጮኸ። አንድ ጊዜ ደግሞ መታው፤ ጠንካራ፣ ወፍራም፣ ቀዝቃዛ ብረት። ፊቱ ላይ ያለው ሳቅ ሲጠፋ አየሁት። የገባው ይመስለኛል። ይሄን ያህልማ ደደብ አይደለም፤ ለአንድ አፍታ ወንድሜን ዓይኑ ውስጥ አገኘሁት፣ ልጅ ሆነን አብረን የተጫወትነውን ልጅ። ከዚያ ቀና አለና ለጎረቤቶቹ ምን አለ መሰላችሁ?

«ቻይና ጥራት ጨምሯል እኮ!»

ዓይኔን ግንባር ያርገው! «ፕላስቲኩን ቁራሌው ወስዶታል!» አልኩ፣ ሰፈር እስኪሰማ። «ይሄን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ያንተ ዕቃ ስንዴ ውስጥ ከቶኛል! አንድ ክዳን ፍሬን ነው ብለህ ብትሸጥ ሱቅህ በር ላይ ወንበር ዘርግቼ ነው የምቀመጠው!» ሚኒባስ የሚነዳው ጎረቤታችን ሹልክ ብሎ ሄደ፤ ወንድሜ «እቃ እንጫን፣ ረፈደ» ብሎ ወደ ኋላ ዞረ። ይቅርታ የለ፣ ምስጋና የለ፣ እቃ እንጫን!

ንዴቴ አልበረደልኝም፤ ወደ እናቴ መስኮት ዞርኩ። «አሁንም ከዚህ ሰውዬ ጋር ነው የምትሄጂው? ሙሉ ሳምንት ግራሶ ውስጥ ስንከባለል የከረምኩት ላንቺ ብዬ ነው! እሱ ለመታየት፣ አንቺ ለመታየት!»

እናቴ እጇን በመስኮት አውጥታ የእጄን አንጓ ያዘችኝ። ልጆቹ እንዳይሰሙ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ጉልበቴ ለምን የሚያመኝ ይመስልሻል?» አለችኝ።

ወደ ጉልበቷ አየሁ።

«መንገዱን በሙሉ ፍሬን እረግጥለታለሁ። እዚህ ጋ» አለችና በእግሯ ከፊቷ ያለውን ወለል አሳየችኝ። ምንጣፉ አንድ ቦታ ላይ ተልጦ ነበር። «እኔ ከጎኑ ስቀመጥ ቀስ ይላል። ይፈራኛል። እኔ ብቀር መቅረት እችላለሁ፤ እነዚህ ግን መሄዳቸው አይቀርም።» ወደ ኋላ አልዞረችም። ከኋላዋ ትንሿ ልጅ ብስኩቷን ወንድሟ አፍ ውስጥ እየከተተች ነበር።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ነግሬሽ ቢሆንስ?» እጄን አልለቀቀችም። «እኔ እዚህ ባልቀመጥ ኖሮ፣ ፍሬኑን ትቀይሪው ነበር?»

እኔ መልስ የማላጣ ሴት ነኝ፤ ሶማሌ ተራ ጠይቁ። ወደ ኋላ ወንበር አየሁ። ከኋላ ልጆቹ «አክስቴ፣ ቻው! አክስቴ፣ ቻው!» ይሉኛል። የሱ ልጆች መሆናቸውን እንጂ እዚያ ወንበር ላይ መቀመጣቸውን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም ነበር። እናቴ እጄን ለቀቀችና መስታወቱን ዘጋች።

ወንድሜ ጥሩምባውን ለቀቀና ተነሳ። የሰፈራችንን ቁልቁለት ሲወርዱ ከኋላቸው ቆሜ አየሁ። ታች ጥጉ ላይ አንድ ሰውዬ ጋሪ እየገፋ መንገዱ ላይ ገባ፤ የመኪናው የኋላ መብራት ቀይ ሆኖ በራ፣ ፍራሹና ስኳሩ ሁሉ ወደ ፊት ዘንበል አለ፣ መኪናው ቆመ። ሰውዬው ጋሪውን እየገፋ በዝግታ አለፈ። እኔ ቀኝ እግሬን መሬቱ ላይ ተክዬ ቆሜያለሁ፤ መኪናው ከታጠፈ በኋላም ማንሳት አቃተኝ።